ማህተም የተመታበት ማጠቃለያ

ሰው ጥፋቱን ሲያወራ እሱን ከሚያሳምረው ቦታ ይጀምራል። እኔም ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ግድግዳው ከወደቀበት ሰዓት ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከዚያ ከጀመርኩ ጀግናው እኔ እሆናለሁ። ዛሬ ግን ከወረቀቱ ልጀምር።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ሰው የማዛቸው ሠራተኞች ያሉኝ ሊመስለው ይችላል። ከሥሬ ያሉት ሃያ ሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም አራቱ አይነሱም። ሥራዬ ተማሪዎችና መምህራን ለጥናታቸው የሚፈልጉትን ጽሑፍ ከኢንተርኔት የምርምር ዳታቤዞች ፈልጎ ማውጣት ነው። ሕክምናው፣ ግብርናው፣ ሕጉ፣ ምሕንድስናው፣ የዓለም ተመራማሪ የጻፈው ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። ችግሩ አብዛኛው ተቆልፏል። በነፃ የሚታየው የየጽሑፉ ማጠቃለያ ነው፣ ግማሽ ገጽ የምትሆን። ከሥሯ "ሙሉውን ለማንበብ ይክፈሉ" ይላል፣ ያውም በዶላር። ኮሌጃችን ከፍሎ የሚያስከፍተው ጥቂቱን ነው።

እናም ጥናት የምንሠራ ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማናችንም አንነጋገርበትም። ማጠቃለያዋን አንብበን ሙሉውን ያነበብን መስለን እንጠቅሳለን። እንዲህ አድርጉ ብዬ ለተማሪ አስተምሬ አላውቅም። ሲያደርጉት አይቼ ግን ፊቴን አዙሬያለሁ።

ተማሪዎቹ "ጋሽ ሰርች" ይሉኛል። ያኔ ስሙን ወድጄው ነበር፣ ምን ልዋሽ። አንዱ መምህር ስለ ንብ በሽታ፣ ሌላዋ ስለ ውርስ ሕግ ትጠይቀኛለች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አውጥቼ አቀርባለሁ። ፈልጎ ማግኘትና ማወቅ አንድ ነገር መስለውኝ ነበር። ሰፈር ውስጥማ ብሶብኝ ነበር። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ጎረቤት "ጥናቱ ምን ይላል?" ብሎ ይደውልልኛል፣ እኔም ሳላፍር እመልሳለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ወይንሸት ኮሌጁ ድረስ መጡ። ተማሪ ሳለሁ ለቡ ባለው ግቢያቸው አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። ታይፎይድ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ አጥሚት እየሠሩ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ መታመሜን የሰማችው ከዳንኩ በኋላ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከግቢው በስተኋላ፣ አጥሩን ተደግፈው በተሠሩት ሦስት የብሎኬት ክፍሎች ኪራይ ነበር።

"ታሜ፣ ማሽንህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ" አሉኝ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ እያሉ።

"ምን ልጠይቅልዎ እትዬ?"

"የኋለኛው ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። ጎረቤቴ ፎቅ ሊሠራ መሬቱን እያስቆፈረ ነው። አንድ ግርማ የሚባል ፎርማን አለው፤ እሱ መጥቶ 'ቁፋሮው እስኪያልቅ የኋላ ክፍሎቹን ባዶ ያድርጉ፣ አደጋ ነው' አለኝ።"

"ታዲያ ልክ ሊሆን ይችላል እኮ።"

"ልክ? ባዶ ያደረግኩ ቀን አለቀልኝ። ሰው የለበትም ብለው አጥሬን ገፍተው ሊገቡ ነው። ግድግዳው ደግሞ በየበጋው ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ መልሶ ይገጥማል። አንተም እዚያ ኖረህ አይተሃል፤ መረሬ መሬት ነው።"

አይቻለሁ። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ላዩ ላይ ያለ ቤትም አብሮት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ፈለግኩ። ሦስተኛው ላይ አገኘሁት። ማጠቃለያው እትዬ ወይንሸት የተናገሩትን ራሱን በእንግሊዝኛ ይላል፤ በጥቁር አፈር ላይ ባሉ ቀላል ቤቶች የሚታየው ስንጥቅ በአብዛኛው የወቅት ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠባል። ከሥሩ እንደተለመደው ተቆልፏል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አላሰብኩም። ያሰብኩት አጥሚቱን ነው፣ እኚህን ሴት አንድ ቀን እንኳ ልጥቀማቸው ማለትን። ማጠቃለያውን አተምኩት፤ ከሥሩ በአማርኛ ተረጎምኩላቸውና መግቢያው ላይ ከራሴ ሁለት ቃላት ጨመርኩ፤ "በጥናት እንደተረጋገጠው" የሚሉ።

ከዚያ ማህተም መታሁበት። ማህተሙ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የፈተና ወረቀት ከግቢ ሾልኮ ከወጣ ወዲህ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ታትሞ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ የእኛ ክብ ማህተም ከሌለበት ጥበቃው በር ላይ አያሳልፍም። የግብዣ ወረቀት ብታትሙም ይመታበታል። ትርጉሙ "ይህ ወረቀት ከበር ይውጣ" ብቻ ነው።

"የኮሌጁ ማህተም ነው?" አሉኝ እትዬ፣ ሰማያዊውን ክብ በጣታቸው እየነኩ።

"አዎ፣ ለጥበቃው ነው።"

የሰሙት "አዎ"ን ብቻ ይመስለኛል። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ግንባሬን ስመው ሄዱ። እኔም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከወር በላይ አለፈ። ሰኔ ግም ብሏል፤ ሁለት ሦስት ቀን ካፊያ ነገር ነበር፣ ዋናው ዝናብ ግን አልመጣም። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ለኮሌጃችን የሙከራ ጊዜ ሰጠን፤ ለአንድ ወር የተቆለፈው ሁሉ ተከፈተ። ተመራቂዎቹን ሰብስቤ አጠቃቀሙን እንዳሳይ ታዘዝኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ አርባ ተማሪዎች ፊት ቆምኩ፣ ፕሮጀክተሩ በርቷል። የሥልጠናዬ የመጀመሪያ ነጥብ ምን እንደነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ "ማጠቃለያ አንብቦ መጥቀስ ነውር ነው" የሚል ነበር።

ለምሳሌ የሚሆን ጽሑፍ ፈለግኩ። ከዚህ በፊት የከፈትኳቸው ዝርዝር ውስጥ ያ የጥቁር አፈሩ ጽሑፍ ብቅ አለ። ደስ እያለኝ ተጫንኩት። "አያችሁ፣ ይቺ በፊት ተቆልፋ ነበር፤ አሁን ሙሉዋን እናያታለን" አልኩ። ገጾቹ ግድግዳው ላይ ተዘረጉ። ከፊት የተቀመጠች ሰሚራ የምትባል የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ አምስተኛው ገጽ ላይ እንድቆም ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማጠቃለያው ላይ የለም" አለች።

"የቱ?"

ጮክ ብላ አነበበችው፤ ላልገባቸው ጓደኞቿም እየተረጎመች። ከላይ የተባለው የሚሠራው አጠገቡ ቁፋሮ በሌለበት ቦታ ብቻ ነው። ቁፋሮ ካለ፣ ስንጥቁ ወደ ላይ እየሰፋ ከሄደና በሮች መዝጋት መክፈት ካስቸገሩ፣ አፈሩ ወደ ጉድጓዱ እየሸሸ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ከቤቱ መውጣት አለባቸው።

"ለዚህ ነው ሙሉውን አንብቡ የሚሉን፣ አይደል?" አለች ሰሚራ፣ ፈገግ ብላ። ልታግዘኝ ነው።

አዎ ልላት ስል የእትዬ ወይንሸት ግድግዳ ትዝ አለኝ። በመስኮቱ ስመለከት በፉሪ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ተማሪዎቹን "ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ" ብያቸው ወጣሁ። ፕሮጀክተሩን እንኳ አላጠፋሁም።

እትዬ ወይንሸት ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ያን ሳምንት ለቡ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ባትሪው ሞቶባቸው ይሆናል አልኩ። የተከራዮቹን ስልክ አላውቅም። ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ደረስኩና የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ፊቴ ያለውን ሰውዬ ለምኜ ተራውን ሰጠኝ፤ ምን እንደነገርኩት አላስታውስም፣ ብቻ ፊቴን አይቶ ነው የለቀቀልኝ። ታክሲው ውስጥ አንዲት ሴት መስኮቱን ዘጋች። "መጣ ዛሬስ" አለች ለራሷ። እኔ አምላኬን ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የምለምነው።

ስደርስ ወደ አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ገና አልጀመረም። እትዬ ወይንሸት ከፊት ለፊቱ ዋናው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

"የኋላ ክፍሎቹ ውስጥ ማን አለ?" አልኳቸው።

"ሰላምታስ የት ሄደ?"

"እትዬ፣ ማን አለ?"

"ሁለቱ ሥራ ናቸው። አባባ ኤርጫፎ ብቻ ናቸው ያሉት። ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።"

አባባ ኤርጫፎ ከሆሳዕና በኩል ለሕክምና የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ልጃቸው ታደለች ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጠዋት አጥባና አብልታቸው ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፤ ቀን ቀን እትዬ ውሃ ያቀብሏቸዋል።

"አሁኑኑ መውጣት አለባቸው። ግድግዳው ሊወድቅ ይችላል።"

እትዬ ሳቁ። ቀጥለው ግን ዓይናቸው ጠበበ። "ማን ላከህ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ግርማ ነው አይደል? አንተንም አገኘህ?" ብለው ተነሱና ወደ ሳሎን ገቡ። ይዘውት የወጡት ያን ወረቀት ነው። ላሚኔት አስደርገውታል፤ የባላቸው ፎቶ አጠገብ ሰቅለውት እንደነበር በኋላ አይቻለሁ። "ይሄ የማን ማህተም ነው?"

"የኛ ነው። ግን እሱ ለበር ነው፣ ጥበቃው እንዲያሳልፍዎ ብቻ..."

"ለበር የሚሆን ነገር ክብ ማህተም ይመታበታል እንዴ? ግርማ ራሱ ይህን አይቶ ነው አፉን የዘጋ። ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ታዲያ ጥናቱ ተለወጠ ልትለኝ ነው?"

"ጥናቱ አልተለወጠም። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።"

"አላነበብኩት ማለት?"

"መጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። ሌላው ተቆልፎ ነበር። ዛሬ ተከፍቶ አነበብነው፤ ቁፋሮ አጠገቡ ካለ ሰው ይውጣ ይላል።"

ወረቀቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ታዲያ በጥናት ተረጋገጠ ብለህ የጻፍከው ምንድነው?"

"ከራሴ ነው የጨመርኩት። ዋሽቼዎታለሁ እትዬ።"

በሕይወቴ ከዚያ የከበደ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ። እትዬ ጎመኑን መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ኋላ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

የሦስተኛው ክፍል በር አልከፈት አለ። ቁልፉ ዞሯል፣ በሩ ግን መቃኑ ውስጥ ተነክሷል። "ዛሬ ጠዋት ታደለች በትከሻዋ ገፍታ ነው የዘጋችው" አሉ እትዬ። በሮች ካስቸገሩ፣ ይላል አምስተኛው ገጽ። ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ እጄን ያስገባል። በእሱና በኋለኛው ግድግዳ ስንጥቅ አሻግሬ የጎረቤቱን ጉድጓድ ቀይ የማስጠንቀቂያ ሪባን አየሁ።

"አባባ፣ ይሰማሉ?" ስል ጮኽኩ።

"አለሁ" አሉ ከውስጥ። "ውሃ እየገባ ነው።"

ዝናቡ ወረደ። እንደዚያ ቀን ያለ ዝናብ አላየሁም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ የሰኔ ዝናብ ነው። ግን ጣሪያውና ግድግዳው ተለያይተው ስለነበር ውሃው በቀጥታ አልጋቸው ላይ ይወርዳል፤ ሲንጠባጠብ ይሰማናል። በሩን ገፋሁ፣ በእግሬ መታሁ። እትዬ ወደ አጥሩ ሄደው "ግርማ! ግርማ!" እያሉ ተጣሩ። ወር ሙሉ ሰላም ያላሉትን ሰው ነው።

ፎርማኑ ጉድጓዱን ሸራ ሲያለብስ ነበር፤ ረጅም ፌሮ ብረት ይዞ እየሮጠ መጣ። ፌሮውን በበሩና በመቃኑ መሃል ሰክቶ ሲጫን እኔም አብሬው ተጫንኩ።

"ወረቀቱን የጻፍከው አንተ ነህ?" አለኝ፣ እየገፋ።

"እኔ ነኝ።"

"እሱን በኋላ" አለ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እትዬ ግማሽ ሰዓት ይላሉ፣ ግርማ ሩብ ሰዓት ይላል። ሁለት ጊዜ ከላይ አሸዋ ራሳችን ላይ ረገፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግርማ "ዞር በል" አለኝና ራሱ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። በመጨረሻ በሩ ከነማጠፊያው ተነቀለ። አባባ ኤርጫፎ ብርድ ልብሳቸው ውሃ ጠጥቶ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይንቀጠቀጣሉ። ከነፍራሹ አነሳናቸው። ግቢውን ስናቋርጥ ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጥተው አንድ ነገር አሉ፤ ጎንበስ አልኩ።

"ጥሩ ዝናብ ነው" አሉኝ። "ለእንሰቱ ጥሩ ነው።"

ሳሎን አግብተን እርጥቡን አውልቀን በእትዬ ጋቢ ጠቀለልናቸው። እትዬ የሌሎቹን ተከራዮች ዕቃ ላውጣ ሲሉ ግርማ ከለከላቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ፣ ግድግዳው ሄደ። ብዙ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደ ጆንያ እህል ዘጭ አለ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ተንጓጓ። ሄደን ስናይ ሦስተኛው ክፍል ግማሹ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የአባባ አልጋ የነበረበት ግማሽ።

ያኔ ነው ግርማ ከጎኔ ቆሞ የነገረኝ። "ያንን ግድግዳ ከኛ በኩል ልደግፍበት ያመጣሁት እንጨት ነበር" አለ። "ወረቀትህን ሳይ የተማረ ሰው ካለ እኔ ማነኝ አልኩና እንጨቱን ለወዲያኛው ጎን ወሰድኩት።" አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ታደለች ከሥራ የደረሰችው ሲመሽ ነው። ፍርስራሹን አየች፣ ሮጣ ሳሎን ገባች፣ አባቷን ዳሰሰች። ከዚያ ዞር ብላ እጄን ያዘችና ሳመችው። "ወንድም ታምሩ፣ እግዚአብሔር ነው የላከህ። ጥናት አንብቦ ሮጦ መጣ ብለውኛል።" እትዬን አየኋቸው። እትዬ መሬት መሬት ያያሉ። ያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በጀርባው ገለበጥኩት።

አባባ ኤርጫፎ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ሳንባ ምች ነው አሉ። ሐኪሙ አልጋ ላይ በዋለ ሽማግሌ ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን፣ ዝናቡ ይሁን ሌላ መለየት እንደማይቻል ነገረን። ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ደጋግሞ እንደማይቻል ነገረኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፉ።

የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ተሰብስበው ዘመሩ፤ አስከሬኑን ወደ አገራቸው ከመሸኘታችን በፊት ታደለች ለቀስተኛው ፊት ቆማ አመሰገነች። ሐኪሞቹን አመሰገነች። እትዬን አመሰገነች። ቀጥላ ስሜን ጠርታ "ይህ ወንድም አባቴ ከፍርስራሽ ሥር እንዳይሞት አድርጎልኛል። በክብር፣ በእጄ ላይ እንዲሞት አድርጎልኛል። የተማረ ሰው ይብዛልን" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

በሳምንቱ እትዬ ወይንሸት ወረቀቱን መለሱልኝ። "ውሰደው፣ ቤቴ ውስጥ አልፈልገውም" አሉ። "ጥፋቱን ያንተ ብቻ አላደርገውም። እኔም የምፈልገውን ነው የሰማሁት። ግን ለልጅቷ እኔ አልነግራትም፤ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ።"

ታደለች ራሷ ጠየቀችኝ። ወደ ጎፋ ቤት ስትቀይር ዕቃ ሳግዛት ነው። "ፎርማኑ ቀደም ብሎ ውጡ ብሎ ነበር የሚሉት እውነት ነው?" አለችኝ። እጄ ላይ ድስት ይዣለሁ። "አዎ፣ ብሎ ነበር። እትዬ መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብለው ፈሩ" አልኳት። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ጭንቅላቷን ነቅንቃ "ፈርተው ነው፣ ምን ይደረጋል" አለች፣ ይቅር አለቻቸውም። እኔ ድስቱን አስቀምጬ ወጣሁ። ያን ዕለት ከግድግዳው ቀን ይበልጥ ራሴን ጠላሁት። በዚያኛው ቀን ቢያንስ ጥፋቴን ለማረም ቸኩዬ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት "ማጠቃለያ ማንበብ ይህን ያህል ኃጢአት ነው?" ትሉ ይሆናል። አይደለም። እኔም ዛሬም አነብባለሁ፤ ሁሉን ለማንበብ ዕድሜም ገንዘብም የለንም። ኃጢአቱ ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ማለቴ ነው። ለምወደው ሰው ስለሆነ ደግሞ ውሸት አልመሰለኝም፤ ውለታ መሰለኝ። በአገራችን ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሲያዩ ሰዎች ከዚያ በኋላ በዓይናቸው ያዩትን አይጠይቁም። ግርማ ዓይኑ ልክ ነበር። ከዓይኑ ይልቅ የእኔን የበር ማህተም አመነ።

አሁን ቢሮዬ ውስጥ ሁለተኛ ማህተም አለ፣ በራሴ ያስቀረጽኩት፣ ቀይ። "ማጠቃለያ ብቻ ነው፤ ሙሉው አልተነበበም" ይላል። ተማሪዎቹ ይቀልዱብኛል፤ አንዱ "ጋሽ ሰርች፣ የሕይወቴ ታሪክ ላይ ምታልኝ" ብሎኛል። ሰፈር ውስጥ "ጥናቱ ምን ይላል?" ለሚለኝ "አላነበብኩትም" ማለት ተምሬያለሁ። ሰዎች ቅር ይላቸዋል። ስልኬ እንደ ድሮው አይበዛም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ከማውጣቴ በፊት ባለፈው እሑድ ጎፋ ሄጄ ለታደለች ሰጠኋት። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ፣ ማህተሙ ጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ይቅርታ ልል ጀመርኩ፤ በእጇ አስቆመችኝ።

"እስከ መጨረሻው ላንብበው" አለች። "ከዚያ የምለውን እልሃለሁ።"

ወረቀቱን ይዛ ገባች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። እስካሁን አልደወለችም።